ቆላ ላይ ካርድ ለሚያፈጥን ወጣት

ልጄ፣ የሠርግ ቪዲዮው ቶሎ ሬንደር እንዲያልቅልህ ግራፊክስ ካርድህን ኦቨርክሎክ ልታደርገው እንደሆነ ሰማሁ። አትንካው አልልህም፤ ዕቃህን ጠንቅቀህ ማወቅህ ደስ ይለኛል። ፍጥነቱን ከመጨመርህ በፊት ግን የክፍልህን ሙቀት እወቅ።

አዲስ አበባ ያለው ጓደኛህ «የኔ ካርድ ከ70 ዲግሪ አያልፍም፣ ያንተ 80 የደረሰው ማቀዝቀዣው ስለማይረባ ነው» ቢልህ ቶሎ አትመነው። የሱ ክፍል 22 ዲግሪ፣ ያንተ የይፋቱ ካራቆሬ ክፍል በግንቦት ቀትር 33 ዲግሪ ቢሆን፣ የሱ ካርድ ከክፍሉ አየር በ48፣ ያንተ በ47 ዲግሪ ብቻ ነው የበለጠው። ማቀዝቀዣህ ከሱ አላነሰም፤ የበለጠህ የቆላው አየር ነው። በርግጥ የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ግን ያካክስለታል። ስለዚህ ሁለት ካርድ ስታወዳድር በአንድ ፕሮግራም፣ በእኩል ዋትና በእኩል የፋን ፍጥነት አሠራቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተህ ሙቀቱ መውጣት ሲያቆም ንባቡን ውሰድ፤ ከዚያ ከንባቡ ላይ የክፍሉን ሙቀት ቀንስ።

ሌላም ነገር ልብ በል። በርካታ የኤንቪዲያ ካርዶች ወደ 83 ዲግሪ ሲጠጉ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ። በጋለ ክፍል ውስጥ የጨመርክለትን ሜጋኸርዝ ካርዱ ራሱ መልሶ ይቀንሰዋል፤ ለአንተ የሚተርፍህ የፋን ጩኸትና የመብራት ሂሳብ ነው።

እኔ የምመክርህ ቮልቴጁን መቀነስ ነው። ቺፑ ሲሠራ የሚያወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱን ሳትነካ ቮልቴጁን በ10 በመቶ ብትቀንስ፣ ቺፑ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ወደ 19 በመቶ ያህል ይወርዳል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም በትንሽ በትንሹ ቀንስ፤ በየደረጃው ረጅም ሬንደር አሠራውና ካልተንገራገጨ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፍ። ሙቀቱ ሲወርድ ካርዱ ከፍ ባለ ፍጥነት ላይ ሳይወርድ ስለሚቆይ፣ ሥራህ ኦቨርክሎክ ብታደርገው ከሚያልቅበት ጊዜ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

ማቀዝቀዣ ስትመርጥም ቤትህን ተመልከት። ሁለት ወይም ሦስት ፋን ያለው ካርድ ጸጥ ያለ ነው፤ ሙቀቱን ግን ኬዙ ውስጥ ስለሚተነፍስ ኬዙ ራሱ በቂ ፋን ይፈልጋል። ባለ አንድ ፋኑ ብሎወር ይጮሃል እንጂ ሙቀቱን በኋላ በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። የመንገዱ አቧራ ክንፎቹን ስለሚደፍን ቶሎ ቶሎ አጽዳ፤ ስትነፋው ፋኑን በጣትህ ያዘው። ያገለገለ ካርድ ከገዛህ ቴርማል ፔስቱን ቀይርለት፤ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

የይፋት ገበሬ በሬውን ማልዶ ጠምዶ ፀሐይ ሳትበረታ ይፈታዋል። አንተም ከባዱን ሬንደር ለሌሊት አድርገው፤ ቀኑን ለመቁረጥና ለመቀጠል ተጠቀምበት። ዛሬ ግን ምንም ከመንካትህ በፊት ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝተህ ከኬዙ አጠገብ ስቀል።

እግዚአብሔር ሥራህን ይባርክልህ፤ ዕቃህንም ይጠብቅልህ።