ጥርስ ባዳ ነውን?

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ስለሚሥቅ ነው። ነገር ግን ሰው ባገሩ ጉድለት ላይ ሲቀልድ፤ ሣቁ የባዳ ነው ወይስ የወዳጅ? ይህን ጥያቄ በአንዲት ሴት ኑሮ እንመርምረው።

ሻፓራክ ኮርሳንዲ፤ ቀድሞ ሻፒ በሚል አጭር ስም ትታወቅ የነበረችው፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በኢራን ዋና ከተማ በቴህራን ተወለደች። አባቷ ሃዲ ኮርሳንዲ በቀልድና በግጥም ገዢዎችን በመንቀፍ የታወቀ ጸሐፊ ነው። በ1979 ዓ.ም. የኢራን አብዮት ከተነሣ በኋላ ግን ቀልዱ እንደ ጠላትነት ተቈጠረበትና ቤተ ሰቡ በለንደን በስደት ቀረ። እዚያም ሆኖ በፋርስኛ የቀልድ ጋዜጣ ማሳተሙን አልተወም፤ በ1984 ዓ.ም. ሊያስገድሉት ያሤሩ ሰዎች ተደረሰባቸው።

ልጂቱም አድጋ የቀልድን ሞያ ያዘች፤ ይኸውም በመድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ የራሷን ኑሮ እየተረከች ሕዝብን ማሣቅ ነው። በ2009 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ፤ የስደተኛ ልጅ እንግሊዛዊት ለመምሰል የምትደክመውን ድካም ገለጸች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ አገር የገባችበትን አርባኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ «አገሬ ሆይ!» የሚል ትርጕም ያለው ርእስ ሰጥታ በኤዲንብራ ባቀረበችው ቀልድ፤ ላሳደገቻት አገር ያላትን ፍቅር ተናገረች። ያገር ፍቅር መጤን ለሚጠሉ ሰዎች ብቻ የተተወ ርስት አይደለም ማለቷ ነው።

«ሁለት አገር የሚወድ አንዱንም አይወድም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለእኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። ልጅ ያሳደገችውን አክስቱን ቢወድ እናቱን ካደ አይባልም። ደግሞም እንግዳ የቀረበለት ወጥ ጨው ቢያንሰው እንኳ አመስግኖ ይበላል፤ «ዛሬስ ጨው ተወደደ መሰል!» ብሎ የሚቀልድ የቤት ልጅ ነው። ስለዚህ ስደተኛ ባስጠጋው አገር ላይ በፍቅር ለመቀለድ በደፈረ ቀን፤ ከእንግድነት ወጥቶ ቤተኛ ሆነ ማለት ነው። ያባትዮውም ነገር እንዲሁ ነው፤ አገሩን ባይወድ ኖሮ በለንደን ዝም ብሎ በሰላም በኖረ ነበር።

ሆኖም ቀልድ ሁሉ ፍቅር አይደለም። ባለአገሮቹን ደስ ለማሰኘት ሲል የገዛ ወገኑን የሚያዋርድ ቀልደኛ አለ፤ እርሱ በሣቁ የሚገዛው እንጀራ እንጂ ወዳጅነት አይደለም። ታዲያ ሁለቱን የሚለያቸው ምንድን ነው? ቀልዱን ወገኖችህ በተቀመጡበት ለመናገር ትደፍር እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ። ገዢ ቢቈጣ ግድ የለም፤ ገዢ አገር አይደለምና። ነገር ግን ተራው ሰው ቀልድህን ሰምቶ አብሮህ ይሥቃል ወይስ አንገቱን ይደፋል? ፊቱን ተመልከት፤ ፍርዱ ከዚያ ተጽፏል።

ወጣት አንባቢ ሆይ! አገርህን ዓይንህን ጨፍነህ አትውደድ፤ በጉድለቷ ስትሥቅም ጉድለቷ ያንተም መሆኑን አትርሳ። እንዲህ ያለው ጥርስ ባዳ አይደለም፤ ዘመድ ነው።