ተረኛዋ የማን ልጅ ናት?

ባለፈው ረመዷን አንድ ምሽት የተራዊሕን ሶላት ሰግደን፣ 18 ማዞሪያ ወደሚገኘው ሰፈራችን ስንመለስ የጎረቤታችንን ልጅ መኪና ገጨው። በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርስ ታታሪ ወጣት ነው። እግሩ ተሰብሮ፣ ራሱን ስቶ መንገድ ዳር ተዘርግቶ አገኘነው። እኔና አባቱ በታክሲ ጭነን ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰድነው። በር ላይ የተቀበለችን ነርስ ትንፋሹንና የደም ግፊቱን ለካችና ቀይ ምልክት አደረገችበት። ቀይ ማለት ወረፋ የለበትም ማለት ነው። ወዲያው ሒጃብ ያደረገች አንዲት ወጣት ሐኪም ከተፍ አለች።

ያች ልጅ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ከልጁ አልጋና ከሌሎች ቁስለኞች ራስጌ አልተለየችም። ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ አንድ ያልተከፈተ የምሳ ዕቃና ግማሹ የተበላ ተምር አየሁ። ማፍጠሪያዋ ነበር። ስልኳ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ አላነሳችውም። ነርሷ ወደ እኛ ዘወር ብላ፣ «ልጇ ነው፤ ድምፅዋን ሳይሰማ አይተኛም» አለችን።

የጎረቤታችን ልጅ አልሐምዱሊላህ ዛሬ በምርኩዝ ይራመዳል። እኔ ግን ከዚያች ሌሊት ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም የእኔም ልጅ በሌላ ሆስፒታል ይህንኑ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለች ሬዚደንት ናት። የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ልጄ፣ ልጅሽ እኮ ሊረሳሽ ነው» እያልኩ ስወቅሳት ኖሬያለሁ። እሷም ዘወትር «አባ፣ ተረኛ ነኝ፤ ምን ላድርግ?» ትለኛለች። በዚያች ምሽት ግን የሌላ ሰው ልጅ የእኛን ልጅ ለማዳን ስትባዝን፣ ምናልባት የእሷም አባት ልክ እንደ እኔ ቤቱ ተቀምጦ እየወቀሳት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አፈርኩም።

ውድ አንባብያን፣ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰውን ከሞት ለማትረፍ የሚተጋ ሐኪም የልጁንና የትዳር ጓደኛውን ሐቅ ሲያጓድል ተጠያቂው ማን ነው?

ሥራው ምን ዓይነት ነው?

በሀገራችን የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት ሆኖ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን የወጡት በ2013 ነበር። ከዚያ ወዲህ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅን የመሳሰሉ ተቋማትም ማሠልጠን ጀምረዋል። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሠልጣኙ ግን ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛም ነው። በመኪና የተገጨው፣ ምጥ የጸናባት፣ ልቡ የቆመበት፣ መርዝ የጠጣው ሁሉ በመጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። አደጋ ደግሞ በዓልና ሌሊት፣ ጁሙዓና እሑድ አይመርጥም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለባት ሀገር ይህን ሙያ የተማሩት እጅግ ጥቂት በመሆናቸው የብዙ ሰው ሸክም በጥቂቶች ትከሻ ላይ ወድቋል።

ለዚህ ሸክም የተለመደው መልስ «ሚዛን ጠብቂ» የሚለው ምክር ነው። ሥራሽንም ቤትሽንም አመጣጥኚ ይባላል። ምክሩ ሲሰሙት መልካም ይመስላል። ነገር ግን ሚዛኑ በእጇ ላልሆነ ሰው «አመጣጥኚ» ማለት ምክር ሳይሆን ወቀሳ ነው። የተራ ሠሌዳውን የምታወጣው እሷ አይደለችም፤ የበሽተኛውን ቁጥርም የምትወስነው እሷ አይደለችም።

የቤተሰብ ሐቅ የማን ንብረት ነው?

በሌላ በኩል «ለአላህ ብላ ነው የምትለፋው፤ ቤተሰቧ ቢታገሥ ምንዳ ያገኛል» የሚሉ አሉ። ይህም ግማሽ እውነት ነው። የሰልማንና የአቡደርዳእ (ረ.ዐ.) ታሪክ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ሰልማን ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሄደው የአቡደርዳእን ባለቤት ራሷን ጥላ አገኟት። ባሏ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት ስለሚያሳልፍ ለቤቱ ጊዜ አልነበረውም። ሰልማን ያን ሌሊት አቡደርዳእን አስተኙት፤ በሌሊቱ መጨረሻ አብረው ሰገዱ፤ ከዚያም ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸውና ለእያንዳንዱ ሐቁን ስጥ ሲሉ መከሩት። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አቡደርዳእ በጨዋታና በፌዝ ጊዜውን ያባከነ ሰው አልነበረም። በመልካም ሥራ የተጠመደ ሰው ነበር። ቢሆንም የቤተሰብ ሐቅ በመልካም ሥራ እንኳ አይሰረዝም። ሰው የራሱን ገንዘብ ይመጸውታል እንጂ የጎረቤቱን አይመጸውትም። የሦስት ዓመት ሕፃን ከእናቱ ጋር የሚኖረው ሰዓት የሕፃኑ ንብረት ነው። እሱን ማንም አላማከረውም። ስለዚህ «መሥዋዕትነት ከፈለች» ስንል የከፈለው ማን እንደሆነ ደግመን ማሰብ ይገባናል።

ታዲያ ልጄ ሥራዋን ትተው? አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ፣ ማለትም ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ ከሚወርድ፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉም በኃጢአቱ ከሚጠየቅበት ግዴታ መድበውታል። በዘመናቸው ሕዝቡ ሁሉ ወደ ፊቅህ ሲጋፋ የሙስሊም ሐኪም የሌላቸው ከተሞች መኖራቸውን በምሬት ነቅፈዋል። እኛም እናውቀዋለን። «ሴት ልጅ እንዴት ከቤቷ ውጭ ታድራለች?» ብሎ ቡና ላይ የሚያማው ሰው፣ ሚስቱ በእኩለ ሌሊት ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ «ሴት ሐኪም የለችም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሴቷ ሐኪም ያን ሌሊት የምትገኘው ከቤቷ ውጭ ስላደረች ነው።

እንግዲህ ፈርድ ኪፋያ ማለት ሌላው ሰው ስለ እኔ ተሸከመልኝ ማለት ከሆነ፣ የተሸከመልኝ ሰው ባለዕዳ ነኝ ማለት ነው። በእኔ እምነት የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የተረኛዋ ልጅ ያጣው ሰዓት የእናቱ ጥፋት ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰዓት በሰላም የተኛነው የሁላችን ዕዳ ነው።

ሠሌዳውን ማን ያውጣ?

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን በሌሊት ሲዘዋወሩ ባሏ ዘምቶ የቆየባት ሴት በብቸኝነት ስታንጎራጉር ሰሙ። ወደ ልጃቸው ሐፍሳ (ረ.ዐ.) ሄደው ሴት ያለ ባሏ ምን ያህል ትታገሣለች ብለው ጠየቁ። በመልሷም መሠረት ወታደር ከቤተሰቡ የሚለይበትን ጊዜ በአራት ወር፣ በሌላ ዘገባ በስድስት ወር ወሰኑ። ዑመር ዘማቹን «ዘመቻህንና ትዳርህን አመጣጥን» አላሉትም። ሴቲቱንም «ታገሺ፤ ምንዳ አለሽ» ብለው አልሸኟትም። ሠሌዳውን ቀየሩ። ዘመቻው አልቀረም፤ ተራ ወጣለት እንጂ።

በሙስሊሞች የሕክምና ታሪክም ተረኝነት አዲስ ነገር አይደለም። በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የተከፈተው የዐዱዲ ሆስፒታል 24 ሐኪሞች ነበሩት። ጂብሪል የተባለው የቡኽቲሹዕ ቤተሰብ ክርስቲያን ሐኪም በዚያ በሳምንት ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ተራ ይገባ እንደነበር ተዘግቧል። ሐኪሙም ሰው ነውና ድንበር ተበጅቶለት ነበር።

በዘመናችን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት ኒው ዮርክ ውስጥ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ያከሟት ሬዚደንቶች ለረጅም ሰዓት የሠሩ ስለነበሩ አባቷ ጉዳዩን አደባባይ አወጣው። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በ1989 የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ወሰነ፤ ገደቡ በ2003 በመላ አገሪቱ ተደነገገ። በእኛም ሀገር በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ይታወሳል።

የሰዓት ገደብን የሚቃወሙ ሰዎችም ምክንያት አላቸው። ሐኪሞች ቶሎ ቶሎ ሲቀያየሩ የበሽተኛው ጉዳይ በርክክብ መካከል ይጠፋል፤ ሠልጣኙም በቂ ልምድ አያገኝም ይላሉ። እውነትም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች ላይ የተራ ርዝመት ገደብ ሲላላ በሕሙማን ላይ የባሰ ጉዳት እንዳልታየ አመልክቷል። ነገር ግን ገደቡ የላላባቸው ሠልጣኞች ከሌሎቹ ይበልጥ የግል ኑሯቸው እንደተጎዳ ተናግረዋል። ይህ ምን ያስተምረናል? ሆስፒታሉ በቁጥር የሚለካው ነገር ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ሒሳቡ በቤት ውስጥ ሊከፈል እንደሚችል ነው። ሆስፒታሉ የሞተውንና የዳነውን ይቆጥራል። እናቱን ሳያይ የተኛውን ሕፃን የሚመዘግብ መዝገብ የለም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ ደረጃ ኃላፊዎች የተራ ሠሌዳን አስቀድመው ሊያሳውቁ፣ ከረጅም ሌሊት በኋላ ዕረፍትን ሊያስከብሩ ይገባል። ይህ ችሮታ አይደለም፤ ሐቅ ነው። እዚህ ላይ ሊመሰገን የሚገባው መልካም ልማድም አለን። በብዙ ሆስፒታሎች በገናና በፋሲካ ሙስሊሞች ተራ ይገባሉ፤ በዒድ ደግሞ ክርስቲያን ባልደረቦቻቸው ይተኳቸዋል። ይህን ማንም በደንብ አላወጀውም፤ ሰዎች የአንዱን ቤት ሐቅ ሌላው በማሰብ ያደረጉት ነው።

ሁለተኛ፣ የትዳር ጓደኛ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሲጠየቁ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ የሶላት ጊዜ ሲደርስ ይወጡ እንደነበር መልሰዋል። ስለዚህ ሚስቱ ተረኛ በሆነችበት ሌሊት ሽንት ጨርቅ የቀየረ ባል ወንድነቱ አይጎድልም፤ ሱንናን ተከተለ እንጂ። ባል ሐኪም በሆነበት ቤትም ብቻዋን ልጅ የምታሳድገው ሚስት ሸክሟ እንዲቀልላት ዘመድ ሊደርስላት ይገባል።

ሦስተኛ፣ እኛ ዘመድ ጎረቤቶች። ለቅሶ ቀረች፣ ሠርግ ቀረች፣ ዚያራ አልመጣችም እያልን እንቆጥርባታለን። ዕድራችንም በቀሪ ይቀጣታል። ሌሊቱን የሰው ነፍስ ስታተርፍ ያደረችውን ልጅ ድንኳን አልተከለችም ብሎ መቅጣት ምን ይባላል? ለተረኛ ሐኪምና ነርስ፣ ለአምቡላንስ ሾፌርና ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ዕድሮቻችን ፈቃድ ቢጽፉ ማን ይጎዳል?

በመጨረሻም ሐኪሟ ራሷ። በተራ ሰዓቷ የበሽተኛው ናት። ከተራ ስትወጣ ግን የቀረችው ሰዓት የልጇና የባሏ ናት፤ ለተጨማሪ ሥራም ሆነ ለስልክ አሳልፋ የመስጠት መብት የላትም። ሥልጠናውን ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶችም ከመመዝገባቸው በፊት ሦስቱን ዓመት ከትዳር ጓደኛቸው ጋር ቁጭ ብለው ይመካከሩበት። ተመካክሮ የተሰጠ ፈቃድ ስጦታ ነው፤ ሳይጠየቅ የተወሰደ ግን በደል ይሆናል።

እኔ በበኩሌ ወቀሳዬን ትቻለሁ። በዒደል ፊጥር ዕለት ልጄ ተረኛ ነበረች። ምሳውን ወደ ማግስቱ አዛወርነው። እናቷ «በዓል እንዴት ይዛወራል?» ብላ አጉረመረመች፤ ግን ሠራችው። ልጄ ከሌሊት ተራዋ መጥታ ገና ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ልጇን ታቅፋ ፍራሽ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ማንም አልቀሰቀሳትም። ልጁ ግን አልተኛም ነበር፤ እናቱ እንዳትነቃ ሳይንቀሳቀስ ፊቷን ያይ ነበር። የተከፈለው ዕዳ ሙሉ ነው አልልም። ግን ቢያንስ ዕዳ መሆኑን አውቀናል።

ሌሊት የሚተጉልንን አላህ (ሱ.ወ.) ይጠብቅልን፤ ቤታቸውንም ይባርክላቸው። አሚን።