አስታማሚ የሌለው ሰው

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የቆየ አንድ መልካም ልማድ አለ። መንገደኛ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፥ ባለቤቱ ዘሩን ሳይጠይቅ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለው ያበላዋል፤ መደቡን ለቆ ያስተኛዋል። ይህ ልማድ የሚያኮራን ነው። ነገር ግን ይኸው እንግዳ በማግሥቱ ትኩሳት ይዞት መነሣት ቢያቅተው ምን ይሆናል? ለአንድ ሌሊት የሚበቃ እንጀራ ከድሃም ቤት አይጠፋም፤ ለ20 ቀን ሕመም የሚበቃ ገንዘብ፥ ጊዜና ትዕግሥት ግን በብዙ ቤት የለም። አባቶቻችን «እንግዳ በፊት ወርቅ፥ ሲሰነብት ብር፥ ሲቆይ ብረት» ያሉት እንግዳን ጠልተው አይደለም፤ የአንድ ቤት ደግነት እስከ የት እንደሚደርስ ዐውቀው ነው። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፤ በሰው አገር የታመመ ሰው የማን ዕዳ ነው?

ጥያቄው በሐሳብ ብቻ የሚኖር እንዳይመስል ወደ አንድ አገር እንውሰደው። ማሻ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሸካ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቀድሞ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት የሞቻ አውራጃ ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዙሪያዋ ደን፥ ዝናቧም ብዙ ነው። ከማሻ ወደ ቴፒ ሲወርዱ አገሩ ይሞቃል፤ በቴፒ፥ እንዲሁም ከሚዛን ተፈሪ አልፎ በበበቃ፥ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች አሉ። የአገሩ ተወላጅ ሸካቾው፥ ማጃንጉ፥ ሸኮውና ቤንቹ ነው። ቡናው ሲቀላ ግን ከወላይታ፥ ከከምባታ፥ ከሀዲያና ከሌላውም አገር ብዙ ሰው ለለቀማ ይመጣል። መምህሩ፥ ነጋዴው፥ ሾፌሩም ይመጣል። ክረምቱ ወጥቶ ቡናው የሚለቀምበት ጊዜ ደግሞ በቆላው ወባ ከሚበረታበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ ከደጋ የመጣውም ለቃሚ ደሙ ወባን ስላለመደ ቶሎ ይወድቃል።

በዚህ አገር ሁለት እንግዶች በአንድ ቀን ታመሙ እንበል። አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣ የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ሁለተኛው ቡና ለቃሚ ነው። መሐንዲሱ የአገሩን ቋንቋ አንድ ቃል አያውቅም፤ ሆኖም የድርጅቱ መኪና ወዲያው ይነሣለታል፤ አስተርጓሚ አብሮት ይሄዳል፤ የመድን ወረቀቱም በኪሱ ነው። ቢብስበት አዲስ አበባ ይወሰዳል፤ ከዚያም ካልተቻለ ወደ ሌላ አገር በአውሮፕላን ይሻገራል። ለቃሚው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ነገር ግን በካምፑ ውስጥ ተኝቶ ካቦው እስኪመጣ ይጠብቃል። ከዚህ የምንማረው፥ የሐኪም ቤትን ደጅ የሚዘጋው እንግድነት ብቻውን እንዳልሆነ ነው። የሚዘጋው፥ ከእንግድነት ጋር የሚቆምለት ሰው ማጣት ሲጨመርበት ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በአገራችን ሐኪም ቤት ውስጥ «አስታማሚ» የሚባለው ሰው ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ አስተውለህ ታውቃለህን? ካርድ የሚያወጣው እርሱ ነው። ወረፋ የሚይዘው፥ የምርመራውን ውጤት ተቀብሎ ለሐኪሙ የሚያደርሰው፥ በሆስፒታሉ ያልተገኘውን መድኃኒት በከተማው ፋርማሲ ዞሮ የሚገዛው፥ ምግብ የሚያመላልሰው፥ ሌሊት ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የሚጠራው፥ ደም ሲያስፈልግም ክንዱን የሚዘረጋው እርሱ ነው። ደመወዝ የለውም፤ በመዝገብም አይጻፍም። የሐኪም ቤቱ ግማሽ ሥራ ግን በእርሱ ትከሻ ላይ ነው። የአገሩ ተወላጅ እናት፥ ወንድም፥ ጎረቤት ስላለው የሐኪም ቤቱ ጉድለት በዘመድ ይሸፈንለታል። እንግዳው ግን ከሐኪም ቤቱ በቀር ማንም የለውም። ስለዚህ የሐኪም ቤት ትክክለኛ ሚዛን አስታማሚ የሌለው ሰው ነው። እርሱ ታክሞ ከዳነ ሐኪም ቤቱ በእውነት ያክማል ማለት ነው፤ እርሱ በኮሪደር ተረስቶ ከቀረ፥ ሌሎቹን ያዳናቸው በከፊል ዘመዳቸው ነው።

ሕግም ሳያስበው እንግዳን ይረሳል። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ኋላ በብዙ ወረዳ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ታላቅ በጎ ሥራ ነው። ገበሬው ከመከሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ሲታመም ቤተ ሰቡ ሁሉ በዚያ ደብተር ይታከማል። ነገር ግን መድኑ የተመሠረተው በወረዳና በቀበሌ ነው፤ ውሉም በአቅራቢያው ካለው ጤና ተቋም ጋር ነው። ከወላይታ መጥቶ በበበቃ የሚለቅም ሰው መዋጮውን ከፍሎ ይሆናል፤ ደብተሩ ግን ከሚስቱ ጋር በአገሩ ነው፤ ቢይዘውም ውሉ የተዋዋለው ከአገሩ ጤና ጣቢያ ጋር ነው። ሰውየው ተነሥቶ ሲሄድ መድኑ አብሮት አልሄደም። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው የለም፤ ጉድለቱ ግን እውነተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ክርክር ይነሣል። «መድኃኒቱ ለአገሩ ልጅም አልበቃ፤ አልጋው ጥቂት ነው፤ እንዴት ለመጣው ሁሉ ይዳረሳል?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ጨካኞች አይደሉም፤ የራሷን ልጅ በወረፋ ያቆየች እናት ብትለው አይፈረድባትም። ነገር ግን ጥቂት ነገር በሚከፋፈልበት ጊዜ ፍትሕ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም። በሐኪም ቤት ውስጥ ትክክለኛው ተራ የሕመሙ ጽናት ነው። በወባ ራሱን የሳተው ለቃሚ ራሱን ካመመው ባላገር ይቀድማል፤ ራሱን የሳተው ባላገሩ ቢሆን ደግሞ እርሱ ይቀድማል። ለቃሚውም ባዶ እጁን የመጣ አይደለም፤ አገሩ የሚኖርበትን ቡና ከዛፉ ያወረደው የእርሱ ጣት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ከሌላ አገር ተሰድዶ ለመጣው እንኳ በአገሪቱ የሚገኘውን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ለባዕድ የፈቀድነውን ለወገን ብንነፍግ ምን መልስ ይኖረናል?

ደግሞም ሕመም ተወላጅና መጤ ብሎ አይለይም። በ1953ና በ1954 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ተነሥቶ ወደ 30,000 የሚገመት ሰው ፈጅቷል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፥ ከትግራይና ከሌላውም አገር ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በሠፈራ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወሰድ፥ ሕክምናው ሳይዘጋጅ ሰዉ ስለ ቀደመ፥ ከረኀብ ያመለጠ ብዙ ነፍስ በወባ አለቀ። የሚያጽናናም ምሳሌ አለ። በወራጅ ወንዝ ዳር የምትራባ ጥቁር ዝንብ የምታመጣው፥ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይንን የሚያጠፋ በሽታ በከፋና በሸካ ብዙ ሰው ሲያሠቃይ ኖሯል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ አይቨርሜክቲን የሚባለው መድኃኒት በየመንደሩ ያለ ዋጋ ይታደላል። መጠኑ የሚታወቀው ሰውየውን ምልክት በተደረገበት ዘንግ አጠገብ አቁሞ ቁመቱን በመለካት ነው። ዘንጉ ቁመትን ብቻ ይጠይቃል፤ አገርህ ወዴት ነው አይልም። መድኃኒቱ ከቤት ወደ ቤት ሲታደል ቤት የሌለው ለቃሚ የታለፈ እንደ ሆነ ግን፥ በሽታው በእርሱ ቆዳ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል፤ ዝንቧም መልሳ ለባላገሩ ልጅ ታደርሰዋለች።

እኛም በሰው አገር እንግዶች መሆናችንን አንርሳ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኑሮ ሲናጋ፥ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት በቆንስላችን ደጅ አውርደው ጥለዋቸው ሄደዋል። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የሆነ እኅታችን ስትታመም ወደ ሐኪም መሄዷ በአሠሪዋ ፈቃድ ነው። ይህን ስንሰማ እንቈጣለን፤ ቍጣችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በካቦው ፈቃድ ሐኪም የሚያየው ለቃሚ በራሳችን አገር ሲኖር የማንቈጣ ከሆነ፥ የቈጣን ፍትሕ ሳይሆን ወገንተኝነት ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ባዕዳን አክመውናል። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ቍስለኞቻችንን አክመዋል። በ1928 ዓ.ም. ጆን ሜሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በአዲስ አበባ ዝርፊያ በሆነበት ቀን ቍስለኛ ሊያነሣ ወርዶ ሳለ በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሁላችን እናውቃለን፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እስከ ዘይቱና እስከ ፋሻው ሰምተን እንተወዋለን። ሳምራዊው ከዚያ በኋላ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠው፤ የቀረውንም ስመለስ እከፍላለሁ አለው። ይኸውም ምሕረቱን በሒሳብና በቃል ኪዳን አጸናው ማለት ነው። ለእኛም የሚያስፈልገው ይህ ነው። የወረዳው የመድን ደብተር በሌላው ወረዳ ይከበር፤ ሒሳቡን ወረዳዎቹ ይተሳሰቡ። ለቃሚ የሚቀጥር ሰው የማሳከሚያውን ገንዘብ ከደመወዙ ጋር አብሮ ያስብ። ሐኪም ቤቱ የወላይትኛና የሸክኛ ተናጋሪ በስም ይወቅ። ዕድሩም ከድንኳንና ከቀብር ሌላ፥ አስታማሚ ለሌለው ሕመምተኛ በተራ የሚሄድ አንድ ሰው ይመድብ፤ ለሞተ ሰው የምንሰበሰበውን ያህል በሕይወት ላለው ብንሰበሰብ የምንቀብረው ይቀንሳል።

ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ አንዱ ሐኪም፥ አንዱ ነርስ፥ አንዱ የካርድ ክፍል ጸሓፊ፥ አንዱም የእርሻ ባለቤት ይሆናል። በየሥራችሁ ቦታ ማንም ሳያስከትል ብቻውን የመጣ ሕመምተኛ በምታገኙበት ጊዜ፥ የሥራችሁ ጥራት የሚመዘነው በዚያ ሰዓት መሆኑን ዕወቁ። ዘመድ ያለውን ዘመዱ ይጠይቅላችኋል፤ ስለዚህኛው ግን የሚጠይቃችሁ የለም። ከማን ልጅነቱ አስቀድማችሁ የት እንደሚያመው ጠይቁት።