መሪ የጨበጠ ሰው ጆሮ የማን ነው?

አዲስ ስልክ መግዛት ግድ ሆኖብኛል። የያዝኩት ባትሪው ደክሟል፤ ከመኪናዬ ቴፕ ጋርም በብሉቱዝ ከተያያዘ በኋላ መንገድ ላይ እየተቋረጠ ያስቸግረኛል። ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ቤቴ ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ነው፤ የምነዳውም ከጃፓን ያገለገለ የመጣ ቪትዝ ነው። የደንበኛ ጥሪ የሚመጣው በስልክ ነው፤ ካርታውም በእሱ፣ ሒሳቡም በቴሌብር በእሱ ነው። ስለዚህ ከካሜራውና ከመልኩ በፊት የማየው ከመኪናዬ ጋር መስማማቱን ነው። ምርጫው ውስጥ ስገባ ግን ሻጭ የማይመልስልኝ ጥያቄ ያዘኝ። መሪ የጨበጠ ሰው ጆሮ የማን ነው? የደዋዩ ነው፣ የተሳፋሪው ነው፣ ወይስ በመንገዱ ላይ የሚያቋርጠው የማላውቀው ሰው?

ስልክ የምገዛው አስራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ሱቅ ካለው የሰፈሬ ልጅ ነው። ሙስሊም ነው፤ አባቱና እኔ አንድ እድር ነን። «ጋሼ፣ መኪናው ላይ ሳይሞክሩት ብር እንዳያወጡ» አለኝና አንድ ቴክኖ፣ አንድ ኢንፊኒክስ፣ አንድ ሳምሰንግ ይዞ መኪናዬ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ቴፑ ላይ ተመዝግበው የቆዩትን የድሮ ስልኮች አጠፋ፤ ቴፑ የሚያስታውሰው የተወሰኑ ስልኮችን ብቻ ስለሆነ ሲሞላ አዲሱን አልቀበልም ይላል። ቀጥሎ በሁለቱም ስክሪን ላይ የወጣውን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር አመሳከረ። ለንግግር፣ ለመዝሙር ማጫወቻና ለስም ዝርዝር የሚሄደው አገልግሎት የተለያየ መሆኑንም አስረዳኝ፤ መዝሙር አሳምሮ የሚያጫውት ስልክ ጥሪ ላይ ሊያቅተው ይችላል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተን አስነሳነው። ደህና ስልክ ማንም ሳይነካው ራሱ ይያያዛል፤ ሌላው ግን ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ግንኙነቱን ይቆርጣል፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማስተካከል ይጠይቃል። በመጨረሻ ሱቁ ገብቶ ደወለልኝ፤ እኔም መስኮት ከፍቼ፣ ሞተር አስነስቼ አነጋገርኩት። ድምፄ ጥርት ብሎ ይሰማው እንደሆነ የሚታወቀው እንዲያ ነው።

ይህ ሁሉ ሙከራ ከንቱ አይደለም። መንገድ ላይ የሚቋረጥ ስልክ ዓይንን ይጠራል፤ ዓይን ከመንገድ ሲነሳ ደግሞ አጠና ተራ ላይ የባሕር ዛፍ አጠና የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ላይታይ ይችላል። ራሱ የሚያያዝ፣ የማያስቸግር፣ እንድነካው የማይጠይቅ ስልክ በዚህ መንገድ የሰው ነፍስ ይጠብቃል። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ የሚነዳ ሰው ያየ ሁሉ ብሉቱዝን ያመሰግናል። የትራፊክ ደንባችንም እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ ማነጋገርን መከልከሉ ተገቢ ነው። የእኔ ጥያቄ የሚጀምረው ግን እጅ ነፃ ከወጣ በኋላ ነው።

እጅን ነፃ ያወጣው ብሉቱዝ እ.ኤ.አ. በ1994 የኤሪክሰን መሐንዲሶች ስዊድን ውስጥ የጀመሩት ሥራ ነው። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይቢኤምና ቶሺባ ማኅበር መሥርተው የጋራ አደረጉት። የሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ፣ ዋይፋይም ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚጋፉበት ነው። ስልኩና ቴፑ ይህን ግፊያ የሚያልፉት አንድ ቦታ ባለመቆም ነው፤ በ79 መስመሮች መካከል በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ እየዘለሉ፣ በአንድ የጊዜ ልክ እየተመሩ አብረው ይሄዳሉ። እንዲህ ተከፋፍለውም ቃሉን ያደርሱታል። ይህን ባወቅሁ ቁጥር ሰው መሆኔን አስባለሁ። ለመሣሪያው መከፋፈል ጉልበቱ ነው፤ የእኔ ልብ ግን አንድ ቦታ ካልሆነ የትም የለም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት ብዙ የሚደክሙበት አንዱ ነገር የኅሊና መበታተን ነው። ገዳማዊው ዓለምን ትቶ በበኣቱ ተቀምጦ፣ የሚጠራው ሰው ሳይኖር፣ ልቡ ግን ገበያ ይወጣል። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ደጋግሞ ቁሙ፣ ጸልዩ፣ ተመልከቱ የሚለንም የቆመ ሰው ሁሉ አለ ማለት ስላልሆነ ነው። ስልክ የሚሸጥልኝ ልጅም ሶላት ከመግባቱ በፊት ስልኩን ያጠፋል፤ ኹሹዕ፣ ልብን ሰብስቦ መቆም፣ ከሌለበት ስግደቱ እንደሚጎድል ያምናል። በጸሎት ቦታ ሁለታችንም የተቀበልነውን ነገር መንገድ ላይ ለምን እንረሳዋለን? በጸሎት ልቤ ቢባዝን የምጎዳው እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ ቢባዝን ግን የሚጎዳው ከትምህርት ቤት የሚመለስ የሰው ልጅ ነው።

ይህ የመንፈሳዊ ሰዎች ስጋት ብቻ አይደለም። ሬደልማየርና ቲብሺራኒ የተባሉ ሁለት የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ስልክ ያላቸውና ግጭት የደረሰባቸው የ699 አሽከርካሪዎችን የጥሪ መዝገብ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜድስን አሳትመዋል። በስልክ በሚነጋገሩበት ጊዜ የመጋጨት ዕድላቸው አራት እጥፍ ያህል ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ስልኩን በእጅ ሳይዙ መነጋገር ከያዙት የተሻለ ደኅንነት አላሳየም። አደጋው ከጣት ሳይሆን ከልብ ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ከተሳፋሪ ጋርስ አታወራም ወይ?» የሚለኝ አለ። አወራለሁ። ነገር ግን አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከእኔ ጋር አንድ መንገድ ያያሉ። ከጦር ኃይሎች ወደ አስራ ስምንት ስንመጣ ባጃጅ ድንገት ሲገባብን ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ «በስመ አብ!» ብለው እኔንም ያነቁኛል። የደወለልኝ ሰው ግን ቤቱ ቡና እየጠጣ ነው፤ ባጃጁን አያይም፣ ዝም ማለት ያለበትን ሰዓት አያውቅም። ዝም ብል ደግሞ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አለህ?» ይለኛል። የሚጠይቀኝ መኖሬን ነው፤ «አለሁ» ስል ከእሱ ዘንድ ነኝ፣ ከመንገዱ የለሁም።

በሌላ በኩል ያለውንም ሸክም አውቀዋለሁ። በእኛ አገር ስልክ አለማንሳት ቀላል ነገር አይደለም። «ደውዬ አላነሳም» የሚል ቅሬታ ዘመድ ያራርቃል፤ ሰውየው ኮርቷል፣ ንቆናል ያሰኛል። ሥራውም አለ። የቤት ቁጥር ይዞ ሰው ማግኘት በማይቻልበት ከተማ ደንበኛዬ «ከመስጊዱ ወረድ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ብሎ ካልመራኝ አላገኘውም። ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ወይም ወደ አለርት የሚያደርሰውን ሰው ፈልጎ የሚደውል ሕመምተኛ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ስልክህን ዝጋው ብሎ ማለፍ ለባለ እንጀራው የማይሆን ምክር ነው።

መለያው የቱ ጋ ነው? እኔ ያገኘሁት ከደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው። ባልንጀራ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ጌታ የሰጠው መልስ በመንገድ ላይ የሆነ ታሪክ ነበር። ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ካህኑም ሌዋዊውም የቆሰለውን እያዩ አልፈዋል፤ ምናልባት የሚጠብቃቸው ሰው፣ ያላለቀ የተቀደሰ ጉዳይም ነበራቸው። ባልንጀራ ሆኖ የተገኘው ግን መንገዱ ላይ ያገኘውን ሰው የእኔ ነው ያለው ነው። ስልክ ሩቁን ቅርብ ያደርጋል፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ውጭ አገር ያለች ልጅን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል። መሪ ስጨብጥ ግን እግዚአብሔር ባልንጀራ አድርጎ የሰጠኝ ከፊቴ የሚያቋርጠውን ነው። ሩቁ ወዳጄ ጥቂት ቢጠብቅ ፍቅራችን አይሞትም፤ ከፊቴ ያለው ሰው ግን ሁለተኛ ዕድል ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ «የት ደረስክ? በግራ ግባ» የሚል አጭር ቃል ከመንገዱ አያወጣኝም፤ ጠብ፣ የገንዘብ ክርክር፣ የቤተሰብ ኀዘን ግን መኪና ቆሞ የሚሰማ ነው።

ቃል ጊዜና ቦታ እንዳለው ባህላችን ራሱ ያስተምራል። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡ። ሟች በእኩለ ቀን ቢሞትም ሩቅ ላለው ዘመድ እንደተገኘ አይነገረውም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተማክረው፣ ማልደው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳሉ፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አዘጋጅተው ይነግሩታል። ወንድሜ ያረፈ ጊዜ ዘመዶቼ ከማታ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ስልክ ቁጥሬ በእጃቸው ነበር፤ ግን ማንም አልደወለልኝም። ጎሕ ሲቀድ የእድራችን ሰዎች በሬን አንኳኩ። ያን ቀን የያዙኝን እጆች እስከ ዛሬ አልረሳቸውም። ስለ ንግግርና ስለ ፍቅር ከዚያ የበለጠ ትምህርት አላገኘሁም፤ የሚወድህ ሰው እውነቱን ከመንገሩ በፊት የት እንዳለህ ይጠይቃል።

አሁን የሚያሳስበኝ ይህ ጥበብ እየጠፋ መምጣቱ ነው። በእድሩ ጥሩምባ ፈንታ በቴሌግራም የሚደርስ መልእክት አለ፤ ስልኩም ከመኪናው ጋር የተያያዘ ከሆነ የጽሑፍ መልእክቱን ጮክ ብሎ ሊያነብ ይችላል። የደዋዩ ምስጢርም አለ። እሱ ከእኔ ጋር ብቻ የሚነጋገር መስሎት የትዳሩን ጉዳይ ሲጀምር ከኋላ የተቀመጡት ሦስት እንግዶች ሁሉንም ይሰማሉ። «መኪና ውስጥ ሰው አለ» ብሎ ቀድሞ መናገር ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ የባልንጀራን ምስጢር ጠብቆ መያዝ እንደ ገንዘቡ አደራ ነውና። በሰው መኪና ላይ ስልኩን ያያያዘ ሰውም ሲወርድ ስሙንና የስም ዝርዝሩን ከቴፑ ላይ ያጥፋ።

እንግዲህ ምርጫዬ በሁለት ነገር ላይ ቆመ። አንደኛ፣ ስልኩ ከቴፑ ጋር ሳልነካው የሚያያዝና ድምፅ የማያጠፋ መሆን አለበት፤ ዓይኔንና እጄን አይጥራ። ሁለተኛ፣ ዝም በል ሲሉት ዝም የሚል መሆን አለበት። ከመኪናው ብሉቱዝ ጋር ሲያያዝ ራሱ «አትረብሽ» ላይ የሚገባ፣ እኔ የመረጥኳቸውን ብቻ የሚያሳልፍ፣ ሌላው ሰው ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከደወለ አስቸኳይ ነው ብሎ የሚያስገባ ስልክ አለ። ልጁን ይህንን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚጮህ ነው የሚጠይቀኝ፤ እርስዎ እንዴት ዝም እንደሚል ጠየቁኝ» አለ። ከሦስቱ ሁለቱንም ፈተና ያለፈውን ሳምሰንጉን ገዛሁ። ከሁሉ ውዱ ግን አልነበረም፤ ያን ያህል ማውጣትም አያስፈልግም።

የትኛውም ስልክ ግን ልብ አይሰበስብም። እሱ የሾፌሩ ድርሻ ነው፤ የደዋዩም ድርሻ ነው። መኪና ስታስነሱ፣ የየእምነታችሁን ጸሎት ስታደርሱ፣ «ጠብቀኝ» ብቻ አትበሉ፤ «ከእኔም ሌላውን ጠብቅ» በሉና ስልካችሁን ለዝምታ አዘጋጁት። ቤት ሆናችሁ የምትደውሉም ደግሞ ከሰላምታ በፊት «እየነዳህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ» ካለ፣ የሚያስፈልገው መንገድ መምራት ካልሆነ በስተቀር፣ «ስትደርስ ደውልልኝ» ብላችሁ ዝጉለት። ያልተነሳ ስልክንም ንቀት ብላችሁ አትተርጉሙት፤ ሰውየው ምናልባት በዚያች ሰዓት የማታውቁትን የአንድ እናት ልጅ እያሳለፈ ይሆናል።