ቁስል በአንድ ቀን አይድንም

እሁድ እየወጣችሁ አብራችሁን የምታመልኩም፣ መውጣት ተከልክላችሁ ይህች ወረቀት በሰው እጅ የደረሰቻችሁም፣ ሁላችሁንም ሰላም እላለሁ።

የዛሬው ትምህርታችን ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከቁጥር 30 እስከ 35 ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና አንብቡት። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉት ሰው ነው። ካህኑ አይቶ አለፈ፣ ሌዋዊውም አይቶ አለፈ፣ ሳምራዊው ግን ራራለት። እኛ ብዙ ጊዜ ስንሰብከው ቁስሉን ዘይትና ወይን አፍስሶ ያሰረለት ቦታ ላይ እናቆማለን። ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም እኮ! ሰውየውን በራሱ ከብት ላይ ጭኖ ወደ እንግዳ ማደሪያ ወሰደው፣ አብሮትም አደረ። በማግስቱ ለቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠና ሰውየውን እንዲያስታምምለት አደራ አለው። ከዚያ በላይ ወጪ ከመጣም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ።

አንድ ዲናር በዚያን ዘመን የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር፣ ማቴዎስ 20 ላይ ታገኙታላችሁ። ሳምራዊው የሁለት ቀን ደመወዝ ከፍሎም ጉዳዩ አለቀ አላለም። ገና ሌላ ወጪ እንደሚመጣ አውቋል። ይህን ታሪክ የጻፈልን ሉቃስ ደግሞ ሐኪም ነው (ቆላስይስ 4፥14)። ሐኪም ደግሞ ያውቃል፣ የተጎዳ ሰው በአንድ ቀን አይነሣም።

እህቶቼ፣ እኔ ይህን የተማርኩት በገዛ ጀርባዬ ነው። ቤሩት በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ለፋሲካ ጽዳት መጋረጃ ላወርድ ወንበር በወንበር ላይ ደርቤ ወጣሁ፣ ወደቅሁም። እውነቱን ልናገር፣ ሚስተር ያኔውኑ ሆስፒታል ወሰደኝ። ራጅ ተነሣሁ፣ አጥንት አልተሰበረም ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጠኝ። ሐኪሙ ግን ወረቀቱ ላይ ሌላም ነገር ጽፎ ነበር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ትምጣ፣ ፊዚዮቴራፒም ትጀምር የሚል። እኔ ፈረንሳይኛ አላነብም። ማዳም ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በሦስተኛው ቀን ምንጣፍ እያራገፍኩ ነበር።

አመመኝ ስላት «ማ ፊኪ ሺ» አለችኝ፣ ምንም የለብሽም ማለቷ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ደመወዜ እንዳይቆረጥ፣ ወደ አገር እንዳይመልሱኝ ፈራሁ። የእናቴ ቤት ገና ቆርቆሮ አልለበሰም ነበር። በፓናዶል ዋልኩ፣ በፓናዶል አደርኩ። እሱ እምቢ ሲለኝ ብሩፌን በባዶ ሆዴ መዋጥ ጀመርኩ፣ ጨጓራዬም ተነሣብኝ። እህቶች ሲጠይቁኝ «ጌታ ይፈውሰኛል» እላለሁ። ዛሬ ግን በጌታ ፊት የምናዘዘው ይህን ነው፦ ያ እምነት አልነበረም። ፍርሃቴን ነው እምነት ብዬ የጠራሁት።

አንድ ዓመት ተኩል እንዳለፈ ግራ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። አንድ እሁድ በዕድሜ የምትበልጠን እህት «ምን ሆነሽ ነው የምታነክሺው?» ብላ ያዘችኝ። አለቀስኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አረብኛ የምትችለዋ እህት ማዳምን በትህትና አነጋገረቻት፣ ወረቀቱም ከመሳቢያው ወጣ። ሌሎቻችሁ ካላችሁ ላይ አዋጣችሁልኝ። አንዷ ሙስተውሰፍ ድረስ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ስምንት ጊዜ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። አሁን ጨርሼ ድኛለሁ አልልም፣ ዛሬም እየተመላለስኩ እታያለሁ፣ ማታ ማታም ወለል ላይ ተኝቼ ያሳዩኝን እንቅስቃሴ እሠራለሁ። ግን ቆሜ እሄዳለሁ፣ ክብር ለጌታ ይሁን!

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የሐኪም ወረቀት የራሳችን ነው። በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ማንበብ ለምትችል እህት ላኩት። «ተመለሺ» የሚል ቀን ካለው አትዝለሉት።

ሁለተኛ፣ ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጪ አድርጎናል። ቢሆንም ከ2009 ጀምሮ ባለው የሥራ ውል አሠሪ ኢንሹራንስ እንዲገባልን ይገደዳል። ብዙ ጊዜ ግን የሚሸፍነው አደጋና ሆስፒታል መተኛት ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ምልልስ ይቀራል። ስለዚህ የት ድረስ እንደሚሸፍን ቀድማችሁ እወቁ።

ሦስተኛ፣ ከወደቃችሁ በኋላ እግር ከደነዘዘ፣ ከከዳችሁ፣ በጭናችሁ መካከል ስሜት ከጠፋ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ነገ አትበሉ። ዘይት ወይም የፈላ ውኃ መገጣጠሚያ ላይ ካቃጠላችሁ፣ ቁስሉ ሲሽር ቆዳው ሊሰበሰብና እጃችሁ አልዘረጋ ሊል ይችላልና የሚሰጣችሁን እንቅስቃሴ ሥሩ። ክሎርንና ፍላሽን አንድ ላይ አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ሳል ካልለቀቃችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ታከሙ።

አራተኛ፣ ማስታገሻ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ ጉዳቱን አያድንም። ብሩፌን ሲበዛ ጨጓራና ኩላሊት፣ ፓናዶል ከመጠን ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል።

ለታመመች እህት ደግሞ «እምነትሽ ቢበረታ ኖሮ» አትበሏት። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ሌሎች ጸልዮ ብዙዎች ተፈውሰዋል፣ ግን በመጨረሻው እስራቱ ጊዜ አጠገቡ የቀረው ሐኪሙ ሉቃስ ነበር (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11)። ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እህት ስትጎዳ የመጀመሪያውን ቀን እንሮጣለን፣ ብርቱካን ይዘን እንጠይቃለን፣ እናለቅሳለን። በሦስተኛው ወር ግን ማን ያስታውሳታል? አንድ ደብተር እንያዝ። ማን መቼ ቀጠሮ እንዳላት፣ ማን እንደምታጅባት፣ ምን ያህል እንደጎደላት ይጻፍበት። ሳምራዊው እንደሚመለስ ቃል ገብቶ ሄደ፣ እኛም እንመለስ። ያቺ ዛሬ የምታነክሰው እህት ነገ እኔ ወይም አንቺ ነን።

አባት ሆይ፣ በየቤቱ ሕመሟን ደብቃ የምትሠራውን እህታችንን አንተ ታያታለህ። ለመናገር ድፍረት ስጣት፣ የአሠሪዎቿን ልብ አራራ፣ እኛንም የማንረሳ እህቶች አድርገን። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።

እህታችሁ፣ ከዶራ