የማይነጠቅ ደስታ

ለመሆኑ ደስተኛ የምትሆነው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ ለሰዎች ብታቀርብ የአብዛኛው ሰው መልስ «ጊዜ» በሚለው ቃል ያልቃል። ቤት የሠራሁ ጊዜ፣ ያገባሁ ጊዜ፣ ዐረብ አገር የሄድኩ ጊዜ፣ ልጄ የተመረቀ ጊዜ! ደስታ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ያለች፣ አንድ ነገር ሲጨመር የምትደርስ እንግዳ ሆና ትታሰባለች።

ከደባት፣ ከደባርቅና ከወገራ ደጋ፣ አገር ሰላም በሆነበት ዓመት፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ የሚወርደውን ወጣት እንመልከት። ሰሊጥ ከደረሰ ፋታ አይሰጥም፤ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው ከመርገፉ በፊት መታጨድ አለበት። ባለሀብቱ የቀን ሠራተኛ የሚሻማውም ለዚህ ነው። ወጣቱ ወባውንና ካላዛሩን ተጋፍጦ፣ ሐሩሩን ችሎ፣ ገንዘቡን በወገቡ ታጥቆ ይመለሳል። አልሐምዱሊላህ፣ የላቡ ውጤት ነው፣ ሐላል ነው! ከወራት በኋላ ግን ጃኬቱ ያረጃል፣ ስልኩ ይሰነጠቃል፣ እርሱም ስለሚመጣው ዓመት አጨዳ ማውራት ይጀምራል። ገንዘቡ አልከዳውም፤ ሊሰጥ የሚችለውን ሰጥቶ አለቀ እንጂ። ስህተቱ ከገንዘብ ያልተፈጠረበትን ነገር መጠበቁ ላይ ነው።

«ታዲያ በድህነታችን ደስ ይበለን ልትል ነው?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከድህነት በአላህ ይጠበቁ ነበር። ዘካም ከእስልምና ማዕዘናት አንዱ ነው። ለተራበ ሰው ስለ ነፍስ ጥራት ከማስተማር በፊት እንጀራ ማቅረብ ይቀድማል። የእኔ ጥያቄ ከጠገብን በኋላም ለምን ይጎድለናል የሚለው ነው።

ኢማም አል-ገዛሊ ምንም ያልጎደላቸው ሰው ነበሩ። በባግዳድ ኒዛሚያ የታወቁ መምህር፣ በሹማምንት ዘንድ የተከበሩ፣ በብዙ ተማሪዎች የተከበቡ ነበሩ። በ488 ዓመተ ሂጅራ ግን ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ሊያስተምሩ ተቀምጠው ቃል አልወጣ አላቸው፤ ምግብም አልዋጥ አለ። ሐኪሞቹ ሕመሙ የልብ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። እርሳቸው ራሳቸው ሲመረምሩ የሚያስተምሩት ለአላህ ሳይሆን ለዝና መሆኑን ተረዱ። ሹመቱንና ንብረቱን ትተው ወደ ሻም፣ ወደ ቁድስና ወደ መካ ሄዱ። ከዐሥር ዓመታት በላይ ቆይተው በ499 በኒሻፑር ወደ ማስተማር ተመለሱ። ልብ በል፤ የተመለሱት ወደዚያው ሥራ ነው። የተለወጠው ሥራው አይደለም፤ ሠሪው ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሸምስ በፀሐይና በጨረቃ፣ በቀንና በሌሊት፣ በሰማይና በምድር፣ በመጨረሻም በነፍስ ከማለ በኋላ መዳንን ያያያዘው ነፍስን ከማጥራት ጋር ነው። ይህን ሁሉ መሐላ ያስቀደመው ሰው በቀላሉ የሚረሳው ጉዳይ ስለሆነ ይመስለኛል።

የጎንደር ሙስሊም ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ የአዲስ ዓለም ሰፈራችን ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት የተነፈጉት አባቶቻችን በንግድና በሽመና ኖሩ። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ግፉን አላመሰግንም፤ መብት መብት ነው። ቢሆንም እጅ የለመደውን ሙያና ልብ የያዘውን ቁርኣን የሚወርስ አዋጅ አልወጣም።

ሽመናውን ራሱን ተመልከተው። ልጅ መጀመሪያ ማግ ማጠንጠን ብቻ ነው የሚፈቀድለት። በኋላ ከጉድጓዱ አፍ ይቀመጣል፤ እግሩ ከታች ይረግጣል፣ እጁ መወርወሪያውን ይልካል። የመጀመሪያ ጋቢው አንዱ ጫፍ የጠበቀ፣ ሌላው የላላ ይሆናል። አንድ ማግ ሲገባ ዐይን የሚያየው ለውጥ የለም፤ ሲመሽ ግን ጨርቁ ረዝሟል። የነፍስም ነገር እንዲሁ ነው። አዒሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሥራ ሁሉ አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ጥቂት ቢሆንም የዘወተረው መሆኑን አስተምረዋል። እኛ ግን በረመዳን ሌሊቱን ሙሉ ቆመን በሸዋል ሱብሒ ያመልጠናል! ዛሬ አንዲት ሐሜት መዋጥ፣ ነገ ለተቆጣ ደንበኛ በለዘብታ መመለስ፤ የነፍስ ማግ ይህ ነው።

ጨርቁ መጥበቁ የሚታወቀው ሲጎተት ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ረመዳን ሊወጣ ሲል፣ በከተማችን ሸይኽ ሊቀብሩ በወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደረሰ። ሰዎች ተገደሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። ዒድ የመጣው ከስድስት ቀን በኋላ ነበር። በዚያ ዒድ ስለ ደስታ ማውራት ፌዝ አይሆንም? ደስታ ማለት ሳቅ ከሆነ አዎ፣ ፌዝ ነው። ነገር ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ አልቅሰዋል፤ በጌታቸው ውሳኔ ግን ቅር አልተሰኙም። እንባና ሪዳ በአንድ ልብ ውስጥ ይኖራሉ። ሱቁን የተዘረፈ ሰው ፍትሕ ይጠይቃል፣ መጠየቅም ይገባዋል። ጥያቄው በዚያች ሌሊት ምንም ያላጠፋውን ክርስቲያን ጎረቤቱን በምን ዐይን አየው የሚለው ነው። በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛው እንጂ ታግሎ የሚጥለው ጀግና እንዳልሆነ በሐዲስ ተምረናል። ይህ ጉልበት በዚያች ሌሊት አይገዛም፤ ቀድሞ በዓመታት ማግ በማግ የተሸመነ ከሆነ ብቻ ይገኛል። ንብረቱ ወጥቶ ይህ የቀረለት ሰው ምን እንደቀረለት ያውቃል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ተቀመጥና ራስህን መርምር። የአምናው ቁጣህ ዘንድሮ ምን ያህል ቀነሰ? ጎረቤትህ ሲያገኝ ልብህ አሁንም ይቆረቁራል ወይስ ለቀቅ ብሏል? መልሱ ከጠፋህ ባለቤትህን ጠይቃት፤ ሒሳቡ እርሷ ዘንድ በደንብ ተይዟል።