ሊንኩን ከመንካትህ በፊት

ልጄ፣ ዛሬ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም ወይም ሊጎበኝ ዘጌ የሚመጣ እንግዳ ጀልባው ከባሕር ዳር ሳይነሳ ኢሜይሉ ቀድሞ ስልክህ ላይ ይገባል። አስጎብኚ መሆንህ ያስደስተኛል። ስለ ኢሜይሉ ግን ልምከርህ።

መስከረም 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ለነበረው ለፖለቲካ አራማጁ ለጃዋር መሐመድ አንድ ኢሜይል ደረሰው። ሊንኩ ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራውያን የቪዲዮ ገጽ ይመስላል። እውነተኛው ገጽ መጨረሻው «ዶት ኮም» ነው፤ የተላከለት ደግሞ «ዶት ኔት»። ገጹን የከፈተ ሰው ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ማጫወቻውን እንዲያድስ ይጠየቃል፤ እሺ ብሎ ካወረደ ከማጫወቻው ጋር ሰላይ ፕሮግራም ይገባል። ጃዋር ግን ኢሜይሉን በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ላሉት የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች አስተላለፈው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ብዙ ሰዎች በዚሁ መንገድ መታደናቸው ታወቀ።

ልብ በል፤ ወጥመዱ የተጠመደው ሰውየው በሚከታተለው ወሬ ነው። ላንተም «የአሥር ሰው ቡድን ይዘን እንመጣለን፣ ዝርዝሩን አባሪው ላይ እይ» ብሎ ይመጣል። ወይም «ዲቪ ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ» ይልሃል። የዲቪ ዕጣ ግን የሚታየው ራስህ ወደ አሜሪካ መንግሥት ገጽ ገብተህ በማረጋገጫ ቁጥርህ ስትጠይቅ ነው።

የላኪው ስም አያታልልህ፤ ማንም የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል። ስሙን ነካ አድርገህ ከበስተኋላው ያለውን አድራሻ አንብብ። ሊንኩንም ጣትህን ጫን አድርገህ ብትይዘው ወዴት እንደሚወስድህ ያሳይሃል፤ እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ እየው። «ዛሬውኑ ካላረጋገጥክ አካውንትህ ይዘጋል» የሚልህን ደግሞ ቡናህን ሳታስመዝን ካልሸጥክልኝ ብሎ እንደሚያጣድፍ ነጋዴ ቁጠረው። ባንኩን በምታውቀው ስልክ ደውለህ ጠይቅ እንጂ ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው አትደውል። ፓስወርድህንና በመልእክት የሚላክልህን የማረጋገጫ ቁጥር፣ የቴሌብርህንም የሚስጥር ቁጥር፣ ለማንም አትስጥ። የኢሜይልህን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ዛሬ ማታ ክፈት፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጅብህ።

ተሳስተህ ፓስወርድህን ሰጥተህ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ቀይረው፤ ከሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮችም ሁሉ ውጣ፤ ለደንበኞችህም በስምህ የሚመጣ የገንዘብ ጥያቄ ካለ እንዳያምኑ ደውለህ ንገራቸው። ብዙዎች አፍረው ዝም ስለሚሉ ነው ጉዳቱ ወደ ወዳጆቻቸው የሚተላለፈው። አንተ አትፈር ልጄ፤ ከጠረጠርክ ሳትከፍተው ይዘኸው ና፣ አብረን እናየዋለን።